በሩን ማን ዘጋው?

የቴአትር ቤታችን ሰዎች፣ እንግዶቻችን፤ ብርጭቋችሁን ይዛችሁ ትንሽ ታገሡኝ። ተዋናይ ማይክ ከያዘ ቶሎ እንደማይለቅ ታውቃላችሁ።

ይቺ ዛሬ ልናመሰግናት የተሰበሰብንላት፣ አበባ ታቅፋ የተቀመጠች የድርሰት አርታኢያችን መጀመሪያ የመጣች ቀን፣ እኔ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኜ እየጮኽኩ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠችና አዘጋጁን፣ «ይሄ ሰውዬ ለምንድን ነው የሚጮኸው?» አለችው።

«ንጉሥ ነዋ!»

«ንጉሥ ከሆነማ ቢያንሾካሹክስ ማን አልሰማሁም ይለዋል?»

ዙፋኔ ላይ እንዳለሁ ሥልጣኔን ለቀቅኩ። እሷም «እትዬ ለምን» ተብላ ቀረች።

ልማዷን ታውቁታላችሁ። ስንኝ ስታርም ያገኘችው ነገር ላይ በጣቷ ምት ትመታለች። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠ ሰውዬ ትከሻ ላይ ስትመታ፣ ዞር ብሎ «እናቴ፣ መውረድ ፈልገው ነው?» አላት። «ቆይ፣ ቤቱ አልደፋ ብሎኝ ነው» አለችው። እሷ የግጥሙን ቤት ማለቷ ነው፤ ምስኪኑ ግን የሚደፋ ቤት ፍለጋ በመስኮት አየ!

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ጥፋት ውኃው ግጥም ነው። ያንን ረጅም ጥንታዊ መንፈሳዊ ግጥም በልጅነቷ በቃሏ ያስጠኗት ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ የሃይማኖት መምህር ናቸው። ወደ ቴአትር ልትመልሰው መነሣቷን ሲሰሙ፣ «የአባቶችን ቃል ቆራርጠሽ መድረክ ላይ ልታወጪ? ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ!» አሏት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብታ ስታለቅስ አይቻታለሁ። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ገጣሚው ስለ መርከቡ እንጨት፣ ስለ ቅጥራኑ፣ ስለ አውሬዎቹ አውርቶ አይጠግብም። ኖኅ ከነቤተሰቡ ሲገባ ግን «በሩም ተዘጋ» ብሎ ያልፋል።

«ማን ዘጋው? መጽሐፍ ቅዱሱ እንኳ እግዚአብሔር ዘጋው ይላል» አለችን። «ያ ሁሉ ቃል የነበረው ገጣሚ እዚህ ጋ ምን ነካው? አዝኖ ይመስለኛል። የቁጣ ግጥም ነው እያልን ስናነበው ኖረናል። የሐዘን ቢሆንስ?»

አዘጋጁ ደነገጠ። «ጻድቁ ኖኅ ፍርዱን ተጠራጠረ ልትይ ነው?»

«ኧረ አይደለም! ጻድቁ ሰው አዘነ ልል ነው።»

እንዲህ አድርጋ ጻፈችው፦ በሩ ይዘጋል፤ ጎረቤቶች ከውጭ ያንኳኳሉ፤ ኖኅ፣ ማለትም እኔ፣ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ዝም እላለሁ።

በመጨረሻው ልምምድ ቀን ወንድሟ ሳይጠሩ መጡ። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ማንኳኳቱ ሲጀምር እኔ ኖኅነቴን ረስቼ ኋላ ወንበሩን ነበር የማየው። ስንጨርስ ብድግ አሉ። እሷም ነጠላዋን ጨብጣ ቆመች።

«ዘፈኑ በዝቷል» አሉ። ሳቃችንን አፈንን። «ግጥሙን ግን አላበላሸሽውም። እኔ ዕድሜ ልኬን ስደግመው ከመርከቡ ውስጥ ሆኜ ነው። ውጭ የቀሩትን ሰምቻቸው አላውቅም።» «ግን ሰውዬው ምነው ዝም አለ? አብረውት የኖሩ ጎረቤቶቹ አይደሉም? እኔ ብሆን በየስማቸው እየጠራሁ አለቅስ ነበር።»

እትዬ ለምን ጽሑፏን ከቦርሳዋ አወጣች። «ጋሼ፣ ና እስቲ፣ አብረን እንጻፈው» አለች።

መድረኩ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለጎረቤቶቹ ስም ሲያወጡላቸው ዋሉ። ሰው ደጋግሞ እየመጣ ያለቀሰበት ትዕይንት የሁለቱ ነው። መምህርም ይኸው፣ ዛሬ አጠገቧ ተቀምጠዋል።

እትዬ፣ ካንቺ በፊት እኔ የተሰጠኝን ቃል እንደ ዕቃ ተሸክሜ ወጥቼ መድረክ ላይ የማራግፍ ሰው ነበርኩ። ያንን በር ነክቼ ስማቸውን ስጠራ ግን ምን እንደምል አወቅኩ። የምትወጂውን ሰው እስከማጣት ደርሰሽ እንኳ ያነበብሽውን አላነበብኩም አላልሽም። እግዜር ይስጥልን።

በሉ ብርጭቆ ይነሣ! ጤናሽ አይጓደል፣ ዓይንሽ አይድከም፣ የልጅ ልጆችሽ ጨዋታ አይለይሽ። ከጋሼ ጋር የምትከራከሩበት ረጅም ዕድሜ ይስጣችሁ። ለእህታችን!