ሽቦውና ስም የለሹ ዱቄት

ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር የምትሄደው ሚኒባስ እስክትሞላ ቆማለች። የሻረግ ዳንግላ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የምትሠራ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቅዳሜና እሑድን ከወላጆቿ ዘንድ አሳልፋ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነበር። ከጎኗ ተቀምጠው ያገኘችው የወላጆቿን የድሮ ጎረቤት አያ ሽባባውን ነው። ከእሳቸው ወዲያ፣ በመስኮቱ በኩል፣ የእኅታቸው ልጅ ባምላክ አፉን በጋቢ ሸፍኖ ተቀምጧል።

የዘመዱ፣ የመኸሩና የፈረሱ ደኅንነት ተራ በተራ ከተጠየቀ በኋላ፣ ሽማግሌው የልጁን የጥርስ ሽቦ ባሕር ዳር ሊያስወልቁ እየሄዱ መሆኑን ነገሯት። በጥር ወር የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል እየቀረበ ነው፤ ባምላክ የአባቱን ፈረስ ይጋልባል፤ የፊት ጥርሱ ግን መነቃነቅ ጀምሯል።

«ልጓም የተሠራው ለፈረስ ነው» አሉ። «በሰው አፍ ብረት ሲያስገቡ ዝም ብዬ አየሁ፤ ይኸው ነቀነቀው።»

«ከፈረሱ ጋር አንድ ላይ ነው የምንቀለበው፤ ልጓሙም አንድ ቢሆን ምን አለበት» ሲል ባምላክ ቀለደ። ሲስቅ እጁ ከአፉ አልተነሣም።

የሻረግ ምን እንደሚቀለብ ጠየቀችው። መልሱን የሰጡት አጎቱ ናቸው። ልጁ ከተማ ጂም ይሠራል፤ ትከሻ የሚያወጣ ዱቄት ከዚያው አምጥቷል፤ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት በማር በተበጠበጠ በሶ ያጠጡታል። ለበዓል ፈረስ ገብስ እንደሚጨመርለት ሁሉ፣ ከሰሞኑ ለልጁም መጠኑን ጨምረውለታል።

ባምላክ ከቦርሳው አንድ ፌስታል አወጣ። ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው፤ ስምም አምራችም አልተጻፈበትም። ሽቦውን ላሰሩለት ሐኪም ነግሯቸው እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «ከጥርስ ጋር ምን አገናኘው ብዬ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የሻረግ ማስደንገጥ ማስተማር ነው ብላ አታምንም። ስለዚህ ከምታውቀው በፊት ሽማግሌው የሚያውቁትን ጠየቀች።

«አያ ሽባባው፣ የቆመን የአጥር ችካል ሳይነቅሉ ወደ ጎን ማስጠጋት ቢፈልጉ እንዴት ያደርጋሉ?»

«ባንድ ወገን አፈሩን አላላለሁ፤ ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ፤ በወዲያኛው እጠቀጥቃለሁ።»

«ሳይጠቀጥቁ ቢተዉትስ?»

«መጀመሪያ የታከከው በሬ ይጥለዋላ።»

«የጥርስም ነገር እንዲሁ ነው» አለች። «ሽቦው ሲገፋ የመንጋጋው አጥንት ባንድ ወገን እየሟሸሸ በሌላው ይገነባል። ጥቂት መነቃነቅ ያለ ነው፤ የባምላክ ግን ከዚያ ያለፈ ይመስለኛል። ራጅ ሳላይ አልፈርድም። ዛሬ ሽቦውን ቢያስወልቁ ግን ችካሉን ሳይጠቀጥቁ ትተውት መሄድዎ ነው።»

«ዱቄቱስ ምን አደረገ?»

«ያለበት ነገር ታውቆ በልክ የሚወሰደውን አልነቅፍም። በዚህ ውስጥ ያለውን ግን እርስዎም እኔም አናውቅም። እንዲህ ባለው ውስጥ ጡንቻ የሚያሳብጥ ሆርሞን ተደባልቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ያ ደግሞ የአጥንቱን መፍረስና መገንባት ሊያዛባው ይችላል። ማሩ ከሽቦው ሥር እየቀረ ጥርሱን ይበላል። ክብደት ሲያነሣ ጥርሱን መንከሱም የላላውን ይጫነዋል።»

ሽማግሌው ፌስታሉን ከባምላክ ተቀብለው በእጃቸው መዘን አድርገው መለሱለት። ሚኒባሷም ሞልታ ጉዞ ጀመረች። ሰው ከሌላ አፍ የሰማውን ይከራከራል፤ ከራሱ ዕውቀት የመጣበትን ግን መሸሻ ያጣል።

«የወፈረ ውርንጭላ ሁሉ አጥንቱ የጠና አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ይህን ለጎረምሳ ሁሉ ስመክር ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ ረሳሁት።»

«ትከሻዬ ሳይሞላ በዓሉ ቢደርስስ?» አለ ባምላክ።

«ፈረስ የሚታዘዘው ለትከሻ መሰለህ? ለጉልበትህ ነው፤ ጭንህን ካላጠበቅህ ትከሻህን መሬት ነው የሚቀበለው።»

ዳንግላ መግቢያ ላይ፣ የሻረግ አፏን ሳትከፍት፣ ሽባባው ረዳቱን «ወራጅ አለ፤ ሦስት ነን» አሉት።

በክሊኒኩ የተነሣው ራጅ ከጥርሱ ሥር ያለው አጥንት መሳሳቱን አሳየ። የሻረግ ሽቦውን ላሰሩት ሐኪም ደውላ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሽቦው ሳይወልቅ የሚስብበት ኃይል እንዲላላ ተስማሙ። ዱቄቱ ቀረ። በምትኩ እንቁላል፣ ወተትና ባቄላ ገባ፤ በሶው ያለ ማር ሆነ፤ ከበላም በኋላ ጥርሱን መቦረሽ ልማዱ ሆነ። ጥርሱ ቀስ በቀስ ጠና። ሽባባውም ጂም የሚሄድ ጎረምሳ ባገኙ ቁጥር፣ ያለበት የማይታወቅ ነገር ለፈረስ እንኳ እንደማይሰጥ፣ የሚወስዱትንም ከሐኪም መደበቅ በራስ ላይ መጨከን መሆኑን ይነግሩ ጀመር።

በበዓሉ ቀን ባምላክ ከአጎቱ ፊት ጋልቦ አለፈ። ትከሻው ያው የቀድሞው ነው። እየሳቀ ነበር፤ ሽቦው በፀሐይ አብለጨለጨ፤ እጆቹ ልጓሙን ይዘው ስለነበር አፉን የሚሸፍንበት እጅ አልነበረውም።