ጥፊ ያላጠፋው ዓይን

ዛሬ ልንቀብራቸው የተሰበሰብንላቸው ታላቅ እህቴ፣ የሕፃናት ዓይን ሐኪምና በዘር የሚተላለፍ የዓይን ሕመም ተመራማሪ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሰው ሲሞት ሁሉም ወዳጁ ይሆናል። እኔ ግን ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት ለማስመሰል ስላልሆነ ሕይወታቸውን እንደነበረው አነባለሁ።

የአባታችን እጅ ለእንጨት ረቂቅ፣ ለልጅ ግን ፈጣን ነበር። ከእህቴ ቀጥሎ የተወለደው ወንድማችን ቀን እንደ እኩዮቹ ሲሮጥ ውሎ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በር የሚገጭ፣ የሙጫ ጣሳ የሚደፋ፣ የተሳለ መሮ የሚረግጥ ልጅ ነበርና፣ ሲመሽ «ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» እየተባለ ይገረፍ ነበር። የሰፈር ልጆች «ዳፍንቴ» ይሉታል፤ አባታችን ደግሞ ዳፍንት የሚባለው የሰነፍ ልጅ ሰበብ ነው ይሉ ነበር። አንድ ምሽት ቀለሙ ያልደረቀ ቁም ሣጥን ላይ ሲወድቅ በጥፊ መቱት፤ ከግድግዳ ጋር ተላትሞም ከአፍና ካፍንጫው ደም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ቀኑም ይጠብበት ጀመር፤ ከጎኑ የቆመ ሰው አይታየውም፣ ኋላም መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደረሰ።

የእናታችን ወንድም፣ ሥጋ ሻጩ፣ ይህን ሲሰሙ የአጥንት መፍለጫቸውን ይዘው መጡ። አባታችንን በገዛ ሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ደፍተው «የልጅ ዓይን ያጠፋ እጅ ሁለተኛ እንጨት አይልግም!» እያሉ ሁለቱንም እጆቻቸውን በመፍለጫው ጀርባ ቀጠቀጧቸው። እናታችን ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ዘጉ። አባታችን ይገባኛል ብለው ስላመኑ አልታገሉም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ማንኪያ እንኳ በወጉ ሳይጨብጡ፣ በእናታችን መርፌ ሲተዳደሩ ኖሩ።

እህቴ ሕክምና ተምረው በዓይን ሕክምና የተመረቁት፣ መነጽር ሠሪ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ከወለዱ በኋላም ምርምር ውስጥ የገቡት፣ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ጥፊው ዓይን አጥፍቶ እንደሆነ ሊነግሯቸው ፈልገው ነው። በእናታችን ወገን ቤት ለቤት ሲዞሩ በየቤቱ በልጅነቱ የታወረ ወንድ አገኙ፤ በየቤቱም ተከሳሽ ነበረ። የአንዱን ዓይን መምህሩ በአለንጋ፣ የሌላውን የጎረቤት ልጅ በድንጋይ አጥፍቶታል ይባል ነበርና፣ መምህሩ ተደብድቦ ከተማ ለቋል፣ የጎረቤቱ ልጅ ጥርሱ ረግፏል። እህቴ ሁሉንም በጨለማ ክፍል አይተው፣ ደማቸውንም አስመርምረው ያገኙት አንድ ሕመም ነው፤ እናት ሳትታወር ተሸክማ ለወንድ ልጇ የምታወርሰው፣ በዳፍንት ጀምሮ ዓይንን ከዳር ወደ መሃል የሚበላ። ማንም ማንንም አላሳወረም።

ይህንኑ በአጎታችን ቤት ዘመድ ሰብስበው ሲናገሩ፣ አጎታችን «የእናቴን ማኅፀን ልትሰድቢ ነው የተማርሽው?» ብለው ባነሱት በርጩማ የእህቴን መንጋጋ ሰበሩት፤ አንድ ጆሯቸውም ዳግመኛ አልሰማም። ዘመድ፣ ዛሬ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጣችሁትን ጨምሮ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተመለከተ። እህቴ ደም እየተፉ «ጋሼ፣ አልሳቱም፤ የእርስዎ ዓይን ደህና ነው» አሉ።

በማግስቱ ፊታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ወደ አባታችን ሄደው ነገሯቸው። አባታችን የተጣመሙ እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡና፣ «እሺ ልጄ፣ ዓይኑን አላጠፋሁም። መትቼዋለሁ ግን» አሉ። በዚያው ወር አረፉ።

ከዚያ በኋላ እህቴ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ሲመሻሽ ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ፣ መብራት እያስጠፉ ሕፃናትን ሲያዩ፣ መምህራኑ «እትዬ መሽቶባት መጡ» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እርሳቸውም ለመምህርና ለወላጅ «ቀን የሚሮጥ ልጅ ሲመሽ ከተደናቀፈባችሁ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ እኔ ዘንድ አምጡት» ይሉ ነበር። ሕመሙን ሊያድኑ አልቻሉም፤ ጥፊውን ግን ከብዙ ጉንጭ መልሰዋል።

በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ቆይተው፣ እስከ መጨረሻው ሳምንት ሕፃናት ሲያዩ ሰንብተው፣ ትናንት ማለዳ በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውን፣ እጄን ይዘው አጠገቤ የቆሙትን ዓይነ ስውር ወንድማቸውን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም የልጅ ልጃቸውን፣ ሲመሽ የሚደናቀፈውንና እስከ ዛሬ ማንም ያልመታውን ልጅ፣ ትተውልን ሄደዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ከእጃችን የሚቀድም ዓይን ይስጠን።