ጣሊያንኛ የሚያወራው ካውቦይ

ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ ተስፋይ መርሳት ጀምረዋል ብላ ልጃቸው ሰላም የመኪና ቁልፋቸውን ደብቃባቸው ነበር። ቤታቸው ቁጭ ብለን ቴሌቪዥኑ የድሮ የካውቦይ ፊልም ሲያሳይ፣ «ይሄንን አስመራ ሲኒማ ቤት አይቼዋለሁ። ጣሊያንኛ ነበር የሚያወሩት» አሉ።

«አባዬ ደግሞ! ካውቦይ ጣሊያንኛ ያወራል?» አለችና ወደ እኔ ዞረች። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኳቸውም። ፊልሙ ላይ ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ታጥቀው ተፋጠጡ። ጋሽ ተስፋይ «አሁን ይሄ ይመጣል» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው አፏጩ። ወዲያው ከቴሌቪዥኑ ያው ዜማ በፉጨት መጣ።

«ማነው የረሳው?» አሉ። ሰላም ሳቀችና ቁልፉን አመጣች። «ታዲያ ጎንህ ተቀምጬ ነው የምትነዳው!»

ኋላ ሳጣራ ፊልሙን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ መጀመሪያ የታየውም በጣሊያንኛ ነበር።