ለደንቆሯ ሬዲዮ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሽመና ክፍል ጓደኞቼ፣ አለቃችን አቶ ጸጋው፣ ሥራ አቁማችሁ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አላህ ያክብርልኝ። ስለ ሬዲዮውም አመሰግናለሁ። ለደንቆሮ ሬዲዮ መስጠት የማን ሐሳብ ነው? የከሊድ ነው። ቅድም ሲጠቀልለው «ለጌጥ ይሆናታል» ብሎ አስቋችኋል።

አዎ፣ ሰምቻለሁ። ምነው ሳቁ ቆመ?

እኔ ቢልቂስ እዚህ ኮምቦልቻ ዕድሜዬን ሽመና ማሽን ላይ ጨርሻለሁ። ማሽኑ ሲጮህ ሁላችንም በከንፈርና በእጅ ነው የምንግባባው፤ ስለዚህ ጆሮዬ መድከሙን እኔ ራሴም አላወቅኩም። ያጋለጠኝ ማሽን የማይጮህበት ሻይ ክበቡ ነው። ያኔ ድምፄ ጎርንኖ፣ ፊቴ አብጦ፣ ደሴ ላይ ያለሁ ይመስል በዚህ ሙቀት ሹራብ እደርብ ነበር። «ወፈረች፣ ኮራች» አላችሁኝ። ቢሮውም «አትሰማም» ብሎ ከጥቂት ወራት በኋላ እንድሰናበት ወሰነ፤ ቀኑ ዛሬ ደረሰ።

ያኔ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሟ አንገቴን ትዳብሰኝ ጀመር። «ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ጆሮዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ እማማ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገትዎ ዕጢ ሥራው ሲደክም ጆሮም አብሮ ሊደክም ይችላል። ኪኒኑን ይውሰዱ፤ መስማት የሚመለስለት ግን ሁሉም ሰው አይደለም» አለችኝ።

ደሜ ተመርምሮ ኪኒኑን ጀመርኩ። ግራ ጆሮዬ እንዳለ ቀረ። ቀኙ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ከሊድ ደግሞ ሻይ ሲጠጣ ሁልጊዜ በቀኜ ነው የሚቀመጠው።

መጀመሪያ ጥርት ብሎ የተሰማኝ ወሬ የቱ መሰላችሁ? ከሊድ ይታይሽን ሲያጫውታት ነው። «ሐዋ በር ላይ ሰላም ስትላት ይቺ ቢልቂስ አትመልስም። ሐዋ መጥታ ‹ምን በድያት ነው?› አለችኝ። ‹ንቃሽ ነዋ!› አልኳት። እንደማትሰማ እኮ ቀድሜ ከኋላዋ አጨብጭቤ አረጋግጫለሁ!» ብሎ ሳቀ። ይታይሽም ሳቀች።

ሐዋን ታውቋታላችሁ። ከቢስቲማ አብረን መጥተን በአንድ ትሪ የበላን ጓደኛዬ ነበረች። አኩርፋኝ፣ ይቅርታ ሳንጠያየቅ፣ አውፍ ሳንባባል ሞተች። ለቅሶዋ ላይ ስቀመጥ ምን እንዳስቀየምኳት እንኳ አላውቅም ነበር። ያረቢ፣ ጆሮዬ የተመለሰልኝ ይህን እንድሰማ ነው?

ከዚያ ወዲያ መስማቴን ለማንም ሳልናገር ሰማኋችሁ። ወላሂ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። አቶ ጸጋው አይደንግጡ፣ የእርስዎን አልናገርም።

በሉ እንግዲህ፣ አላህ ጤና ይስጣችሁ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፣ ለጡረታችሁ በሰላም ያድርሳችሁ። ድምፃችሁ ቢጎረንን፣ ያለ ወቅቱ ቢበርዳችሁ፣ ጆሯችሁም ቢከብድ «የማሽኑ ጩኸት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ አንገታችሁንም አስመርምሩ። አንተም ከሊድ። ያንተ ጆሮ ደህና እንዲሆን ከሁሉም አብልጬ እመኛለሁ።

አሁን መውጣቴ ነው። ከሊድ፣ ሐዋ የቆመችበት በር ላይ ቁምና ሰላም በለኝ። ጮክ በል። እሰማሃለሁ። አልመልስልህም።