ሁለተኛው በሬ

በጣሊያን ዘመን ነው። ከጎንደር ወደ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና ስንመለስ ሁለት የማይተዋወቁ ሴቶች ከጎኔ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ ጥጥ የሚነግዱ የእብናት እናት ናቸው፤ ሌላዋ ደረቷን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች የገበሬ ሚስት።

«ምንሽን አመመሽ ልጄ?» አሉ ነጋዴዋ።

«ጡቴን ነው እናቴ። ጎንደር የጣሊያኑ ሐኪም ቆረጠልኝ፤ አሁን ደግሞ ብብቴ ሥር አበጠ።»

«አላህ ይማርሽ። ለመኪናው፣ ለማደሪያው፣ ለመድኃኒቱ እንዴት ቻልሽው?»

«መጀመሪያ አንዱን በሬ ሸጥን። ባሌ የቀረውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ አረሰ። አሁን እሱንም ሸጥነው።»

«ታዲያ ክረምቱን በምን ልታርሱ ነው?»

«መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠነው። የሚደርሰን ገብስ ለልጆቹም አይበቃ።»

«ዘመድስ የለሽም?»

«ወንድሜ ነበር የሚረዳኝ። ጣሊያን ቤቱን አቃጥሎበት እሱም ሰው ቤት ነው ያለው።»

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ብብትሽም መቀደድ አለበት፣ ከፍልሰታ በፊት ተመለሽ አለኝ በአስተርጓሚ።»

«ትመለሻለሽ?»

«በምን እናቴ? እሺ አልሁት እንጂ። ስንት ደክሞብኛል፤ ፊቱን እያየሁ ምን ብዬ እምቢ ልበለው?»

«ለባልሽስ ምን ልትነግሪው ነው?»

«ድነሻል አሉኝ እለዋለሁ። እውነቱን ካወቀ ርስቱን ያሲዝብኛል። እኔም አልተርፍ፣ ልጆቼም ያለ መሬት ይቀራሉ።»

ደብረ ታቦር ስንደርስ ባሏ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ምን አሉሽ?»

«ድነሻል አሉኝ።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» ብሎ መሬት ሳመ።

እኔ ከመኪናው ሳልወርድ ፊቴን ወደ ጉና ተራራ አዞርሁ።