«ዝም በሉ» ሲሉ የኖሩት እትዬ ጸጥታ

«እማዬ፣ አክስቴ ሰው በሌለበት ክፍል ዝም በሉ የምትለው ማንን ነው?» ሲል ልጄ አንድ ቀን ጠይቆኝ ነበር፤ እኔም አቀርቅሬ የማጸዳውን የቤተ መጻሕፍቱን የንባብ አዳራሽ ወለል መወልወሌን ቀጠልኩ። ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሁላችሁም «እትዬ ጸጥታ» እያላችሁ የምትጠሯቸው ታላቅ እህቴ ግን ጥያቄውን ሰምተውት ኖሯል።

እትዬ ለልብስ ሰፊው አባታችንና ለእናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ፊደል የለዩት አባታችን ለልብስ መቅደጃ በሚያነጥፉት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ሲሆን፣ ትምህርታቸውን በመልካም ውጤት ፈጽመው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ተቀጠሩ፤ መጽሐፍ ሊጠርዙ መጥተው በዚያው የቀሩትን ባለቤታቸውንም አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ወንበር የጎተተውን ሁሉ «ዝም በሉ» ስለሚሉ ስም ወጣላቸው፤ እርሳቸውም አልተቀየሙም።

ከዚያ ስልክ በየኪሱ ገባ። አንባቢው እየሳሳ ሄዶ፣ አዳራሹ ተዘግቶ የዕቃ መጋዘን ይሁን የሚል ሐሳብ ከአለቆች ዘንድ ሲሰማ፣ እህቴ ባዶ አዳራሽ ውስጥም «ዝም በሉ» ማለታቸውን አልተዉም። ልጄ የጠየቀኝም ያን ሰሞን ነው። ይቆጣሉ ስል ሳቅ አሉና «ልጁ እውነቱን ነው። ሰዉ ወደ ስልኩ ከሄደ ተከትለነው እንሂዳ» አሉኝ።

እንዳሉትም አደረጉ። የአዳራሹን ግማሽ ለወግና ለጨዋታ ፈቀዱ፤ ኮምፒውተር አስገብተውም አዛውንቱ ከልጆቻቸው የመጣላቸውን መልእክት እንዲከፍቱ፣ ኢንተርኔት ላይ ያዩትንም ከማመናቸው በፊት ማን እንደጻፈው እንዲጠይቁ አስተማሩ። ከሁሉ በላይ ግን መጻሕፍትን በድምፃቸው እያነበቡ ይቀዱ ጀመር፤ ሾፌሩ እየነዳ፣ ጫማ ሰፊው እየሰፋ በስልኩ ያደምጣቸው ነበር። ታዲያ ልማድ ሆኖባቸው እያንዳንዱን ንባብ «እስቲ ዝም በሉ» ብለው ይጀምሩታል። የሚቀዳው ባለሙያ ልቁረጠው ቢል፣ አድማጮቹ «እሱን ከቆረጥክማ ምኑን እትዬን ሰማን» ብለው ከለከሉት። አለቆቹም ሰው ለአባልነት ለመመዝገብ ተሰልፎ ሲያዩ የመዝጋቱን ነገር ተዉት፤ ተመስገን።

በመጨረሻ የጉሮሮ ሕመም ድምፃቸውን ወሰደባቸው። ባለቤታቸው «አሁን ገና ስምሽን አገኘሽ» ብለው ቢቀልዱባቸው፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከትናንት በስቲያ ማምሻውን ሁላችንም ዙሪያቸውን ሳለን፣ ያለ ጭንቅ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔንና ያን ጠያቂ ልጄን፣ እንዲሁም አንባቢና አድማጮቻቸውን ትተው ሄደዋል። እርሳቸውን ይህን ያህል ዘመን ስላዋሰን ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፣ ለእኛም መጽናናትን አይንሣን።

ባረፉ በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ አዳራሹን ከፍቼ ወለሉን ወለወልኩ። ገና ማንም አልመጣም። የመጀመሪያውን የንባብ ቅጂያቸውን በስልኬ ከፈትኩት። «እስቲ ዝም በሉ» አሉ። መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና፣ ወንበሩን ሳልጎትት ቀስ ብዬ ተቀመጥኩ።