የሚበረው ፈረስ እርካብ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት አስተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይተዋወቁም። ሽማግሌው በሥዕል የተሠራ ልቦለድ ይዘዋል።

«ለማን ነው አባባ?»

«ለማንም! ለልጅ ልጄ አክስቷ አውሳት ነበር፤ ከልጅቷ ቀምቼ ለአክስቷ ልመልስ ዳንግላ መሄዴ ነው። ፈረስ ይበራል ይላል። ውሸት!»

«እኔ ለተማሪዎቼ መጀመሪያ የምመርጥላቸው እንዲህ ያለውን ነው። አንዴ ከጣማቸው ሌላውን ራሳቸው ይጠይቁኛል።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ፈረስ ጋልቤያለሁ፤ የሚበር አላየሁም።»

«ተረት ሲነግሯት ጅብ ያወራ የለም እንዴ?»

«እሱ ሌላ ነው... እሺ፣ ይብረር! ግን ፈረሱ ላይ ያለው ሰውዬ ያለ እርካብ ነው የተቀመጠው። እግሩ ተንጠልጥሎ እንኳን ደመና ላይ ሜዳ ላይም ይወድቃል።»

«አንብበውታል ማለት ነው?»

«ሽፋኑን ነው ያየሁት።»

አስተማሪዋ ተቀብላ ገለጠችው።

«ውስጡ እርካብ አለው እኮ። በእርሳስ ተስሎለታል።»

«ማን ሳለለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አክስቷ ትሆን?»

«እሷ ፈረስ አታውቅም። እስኪ አምጪው።»

ሽማግሌው ገጹን አንድ በአንድ ገለጡት።

«የልጅ ልጄ ናት፤ እስከ መጨረሻው ስላለታለች። የጠፍሩ አስተሳሰር ራሱ እኔ ያሳየኋት ነው።»

«ታዲያ ይመልሱታል?»

«ወራጅ አለ!»

ሽማግሌው አዲስ ቅዳም ወርደው ወደ እንጅባራ የሚመለስ መኪና በእጃቸው ሲያስቆሙ፣ ከልጄ ቀምቼ ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ አንድም ገጽ እንዳልገለጥኩት ትዝ አለኝ።